ወደ መንደራችን የዞረው በረንዳ

ኪዮስ፣ ኖቬምበር 3 ቀን 2018

ለውድ ልጄ ለካሊሮይ፤ ሜልቦርን

የኔ ዓለም፣ እንዴት ነሽልኝ? ወገብሽ ተሻለሽ? ሆስፒታሉ አሁንም የሌሊት ተረኛ ያደርግሻል ወይስ ወደ ቀን አዛወሩሽ? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደህና ነው፣ የደም ግፊቴም ደህና ነው፣ ዓይኔማ ከደህናም በላይ ነው። ስለ ዓይኔ ኋላ እመለስበታለሁ፤ በዚህ ወሬ ውስጥ ትልቅ ድርሻ አለው።

ይህን ደብዳቤ ቁጭ ብለሽ አንብቢው። በስልክ ልነግርሽ ስንቴ ጀምሬ ትቼዋለሁ። በስልክ አንቺ ገና ሳልጨርስ «እማዬ!» ትያለሽ፣ እኔም እቆጣለሁ፣ ከዚያ ስለ አየሩ ጥቂት እናወራና እንዘጋዋለን። ወረቀት ግን አያቋርጠኝም። አክስትሽ አርጊሮ ቀድማኝ ደውላልሽ ከሆነ የነገረችሽ በሙሉ እውነት ነው። ካልደወለች ደግሞ ያባትሽ እህት በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ወሬ ይዛ አደረች ማለት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በትልቅ መርከብ ተሳፍሬ ለሽርሽር ሄጄ ነበር። ብቻዬን አልነበርኩም።

ሚኬስን ታስታውሺዋለሽ? ክረምት በገባ ቁጥር በሦስት እግር መኪናው መንደሪን ጭኖ እየመጣ በየበሩ የሚሸጠው፣ ረጅሙ፣ ጆሮው ትልልቁ። አንቺ ትንሽ ሆነሽ «በጆሮው ነው እንዴ የሚሰማው ወይስ የሚበረው?» ብለሽ ሰው ፊት አሳፍረሽኝ ነበር። ሚስቱ ከሞተች ቆይቷል። አባትሽ ካረፈ በኋላ መጀመሪያ መንደሪኑን ደጃፌ አስቀምጦ ይሄድ ነበር። ቀጥሎ የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ ጠገነልኝ። ቀጥሎ ወጥ ቤት ገብቶ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ መንደሪን በሌለበት በበጋም መምጣት ጀመረ። እወደዋለሁ፣ ካሊሮይ። ይኸው ጻፍኩት። በዚህ ዕድሜዬ ኮቴውን ስሰማ ፀጉሬን አስተካክላለሁ።

መንደራችንን ግን አንቺ ታውቂዋለሽ። ወንዱ ሁሉ መርከበኛ፣ ቤቱ ሁሉ ፊቱን ወደ ባሕር ያዞረ፣ በየበረንዳው ጠረጴዛ፣ በየጠረጴዛው ላይ አቅራቢ መነጽር። መነጽሩ የተገዛው የባሎቻችንን መርከብ ለማየት ነበር። ባሎቹ ጡረታ ሲወጡና ሲሞቱ ጊዜ መነጽሩ ሥራ እንዳይፈታ ወደ ጎረቤት ዞረ። ማን ምን እንዳሰጣ፣ የማን በር መቼ እንደተከፈተ የማይታወቅ ነገር የለም። እኔ ደግሞ የመርከብ ዋና መካኒክ የኢሲዶሮስ ሚስት የነበርኩ ሰው፣ ጥቁሬን እንደለበስኩ እንድቀበር ነው የሚጠበቀው። ያውም የምወደው የመሬት ሰው ነው! እኛ ዘንድ አንድ ቀን ባሕር ላይ ያላደረ ወንድ፣ ወንድ ተብሎ እንደማይቆጠር ታውቂያለሽ።

ስለዚህ ሚኬስ መኪናውን ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያቆምና በአርጊሮ የዶሮ ቤት በኩል ዞሮ በጓሮ በር ይገባል፤ በመጣበትም ይወጣል። የእኔና የአርጊሮ ቤት ግድግዳው አንድ ስለሆነ የምናወራው በሹክሹክታ ነው። እሱ ቤት እንዳልሄድ፣ አጥሩ ረጅም ቢሆንም ከአጥሩ ውስጥ ልጁ፣ ምራቱና የልጅ ልጆቹ አሉ። እንዲህ ሦስት ዓመት ስንቆይ አንድም ቀን ጮክ ብለን አልሳቅንም። እኔ ስስቅ ደግሞ እንዴት እንደምሆን ታውቂያለሽ።

በሐምሌ የስሜ ቀን፣ የቅድስት ማርኬላ በዓል፣ ሲደርስ «ምን ላምጣልሽ?» አለኝ።

«አንድ ክፍል» አልኩት። «በሩ ወደ ሰው የማይከፈት፣ መስኮቱ ወደ ባሕር የሚከፈት።»

ሳቀ፤ እሱንም በሹክሹክታ። ግን ከሳምንት በኋላ ከመንደሪን ሣጥኑ ስር አጣጥፎ የመርከብ ሽርሽር ማስታወቂያ ይዞልኝ መጣ።

ከተማ ሄደን የጉዞ ወኪል ቢሮ ገባን። ገባን ስልሽ እኔ ገባሁ፤ ሚኬስ ከመንገዱ ማዶ ጎማ ቤት ቆሞ ጎማ የሚመርጥ መሰለ። ቢሮው ውስጥ ዜኖቪያ የምትባል ቀልጣፋ ልጅ ተቀበለችኝና የመርከቡን ሥዕል ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችልኝ። ፎቅ በፎቅ፣ ክፍል በክፍል፣ ልክ የንብ ቀፎ ነው የሚመስለው።

«ምን ዓይነት ክፍል ይፈልጋሉ፣ እትዬ ማርኬላ?»

«እኔ ሁሉን የማይበት፣ እኔን ግን ማንም የማያየኝ።»

ልጅቷ ሳቀች። «እሱንማ ሁሉም ሰው ይፈልገዋል። ግን ብዙ ጊዜ አንዱን ሲይዙ ከሌላው ትንሽ መተው አለ።»

«ስተው ነው የኖርኩት ልጄ። አሁን ሥዕሉን አሳይኝ።»

ጣቷን ወደ መርከቡ ጅራት ወሰደች። «ከኋላ ያሉት በረንዳቸው ሰፊ ነው። መርከቡ ያለፈበት ውኃ ነጭ ሆኖ ሲከተልዎት ያያሉ፤ ሰው ሁሉ ይሻማባቸዋል።»

«ከላይስ ማን አለ?»

«ከላይ... እንደ ደረጃ ነው የተሠሩት። የላይኛው ፎቅ ሰው ቁልቁል ሊያይዎት ይችላል።»

«ቁልቁል የሚያየኝማ ሰፈሬም ሞልቷል። ቀጥዪ።»

ቀጥላ ከነፍስ አድን ጀልባዎቹ ጀርባ ያሉትን አሳየችኝ። እነሱን ማንም አያያቸውም፤ ግን የጠዋት ፀሐይን አያለሁ ብለሽ መጋረጃ ስትከፍቺ የሚጠብቅሽ የጀልባ ሆድ ነው። ከፊት ያሉትን አሳየችኝ፤ ነፋሱ ወንበር ይገለብጣል አለች። እዚህ ላይ ስንደርስ ባለ ጎማ ቤቱ ሚኬስን «ወይ ግዛ ወይ ሂድ» ብሎት ኖሮ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ገባ።

«መስኮት የሌለው የላችሁም?» አለ፣ ገና ሳይቀመጥ።

«አለ» አለች ዜኖቪያ ፊቷ በርቶ። «መሃል መሃሉን ናቸው፤ ጸጥ ያሉ፣ ጨለማ፣ እንቅልፍ ለሚወድ ሰው...»

«በቃ እሱን እንያዝ፣ ማርኬላ። ማን ያየናል?»

«ሚኬስ» አልኩት፣ «እኔ መስኮት የሌለው ሣጥን ውስጥ የምገባው ስሞት ነው። ያን ጊዜ ማንም አያስመርጠኝም። ዛሬ ግን እየመረጥኩ ነው።»

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ዜኖቪያም አንዴ እኔን አንዴ እሱን አየችና ምንም ሳትጠይቅ ሥዕሉን ወደ ታችኛው ፎቅ ገለበጠችው። ልጅ ናት፣ ግን ነገር ይገባታል። እዚያ መሃል ላይ ጥቂት ክፍሎች ነበሩ፤ የበረንዳቸው ፊት እንደ ሌሎቹ መስታወት ሳይሆን ድፍን ብረት ነው። ከላይ ጣሪያ አለው። ግራና ቀኙ ከጎረቤት የሚለይ ሙሉ ግድግዳ ነው። «ሲቀመጡ ከውጭ የሚታየው የራስዎ ጫፍ ብቻ ነው» አለችኝ። «ሲቆሙ ባሕሩ በሙሉ የርስዎ ነው።» ልቤ በዚያው አረፈ።

ከዚያ የጉዞውን መንገድ ጠየቅኳት። «ከፒሬዎስ ተነስቶ ኢስታንቡል፣ ከዚያ ኩሻዳሲ፣ ከዚያ ሮድስ። ደግሞም ደስ የሚለው፣ በኪዮስ በኩል በቀን ነው የሚያልፈው! መንደርዎን ያያሉ!» አለችኝ፣ እንደ ምርቃት። እኔና ሚኬስ ተያየን። ሚኬስ ፊቱ የወረቀት መሰለ።

«የቀኙን ጎን ስጪን» አልኩ።

«የቀኙን? ግን እትዬ ማርኬላ፣ መርከቡ እኮ እዚያ ጋ ሲያልፍ...»

«ልጄ፣ በደጃፌ መርከብ ሲያልፍ ሳይ ነው ያረጀሁት። የቀኙን ስጪን።»

ምን አስቤ እንደሆነ አንቺ ይገባሻል፤ የመርከበኛ ልጅ ነሽ። ያባትሽ መርከብ ከፖርት ሰይድ ተነስቶ ወደ ጥቁር ባሕር ሲወጣ በእኛ በኩል ነበር የሚያልፈው፤ ሲወጣ መንደራችን በግራው ነው። ስንዴ ጭኖ ወደ ጣሊያን ሲመለስ ደግሞ ከተራራው ጀርባ በሰፊው ባሕር ይሄዳል፤ አናየውም። ለእኔ እንግዲህ በደጃችን የሚያልፍ መርከብ ሁልጊዜ ወደ ላይ የሚወጣ ነው፣ የኛም ሰዎች ሁልጊዜ በግራ ናቸው። ጡሩምባው ሲነፋ አንሶላ ይዘን በረንዳ ስንወጣ፣ ቀሚሴን ይዘሽ አጠገቤ ትቆሚ አልነበር? ከሩቅ አንሶላ ሁሉ ነጭ ስለሆነ እያንዳንዷ ሴት የራሷ አወዛወዝ ነበራት። አርጊሮ ከጎን ወደ ጎን በሰፊው ትጠርጋለች። እኔ ሁለቴ ወደ ታች እመታና አንዴ በራሴ ላይ አዞረዋለሁ፤ አያትሽ ናት ያስተማረችኝ። አባትሽም ሲመጣ «በግራው በኩል ቆሜ አይቼሻለሁ» ይለኝ ነበር። ስለዚህ መንደሩ በግራ ከሆነ እኛ በቀኝ እንደበቃለን። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

ለአርጊሮ «ለዓይኔ አቴና ሐኪም ዘንድ ልሄድ ነው» አልኳት። እሷም ደንግጣ የዓይን ጠባቂ ለሆነችው ለቅድስት ጳራስኬቪ ሻማ አበራች፤ ለመንገድ የሚሆን የአይብ ቂጣ ጋገረችልኝ። ቂጣውን መርከቡ ላይ ከሚኬስ ጋር በላነው። ጥሩ ቂጣ ነበር፣ አልዋሽሽም።

የክፍሉን ነገር ምን ብዬ ልንገርሽ! በሩን ዘግተን ስንቆም ሁለታችንም ከልማድ በሹክሹክታ ማውራት ጀመርን። ከዚያ ሚኬስ «ማርኬላ» አለ በሙሉ ድምፁ፤ የራሱ ድምፅ አስደነገጠው። ያን ቀን ሰውየው ወፍራም ድምፅ እንዳለው አወቅኩ። አልጋው ሰፊ፣ አንሶላው የተተኮሰ፣ በረንዳው ላይ ሁለት ወንበርና ትንሽ ጠረጴዛ። መጀመሪያ የቀረበልን ቁርስ እዚያ ነው የተበላው፣ እኔ በሌሊት ልብሴ፣ ፀጉሬ ሳይታሰር፣ ከፊቴ ውኃ ብቻ። ሚኬስ የመጀመሪያውን ቀን ሆዱ ተገለባብጦበት ብረቱን ጨብጦ «መንደሪን ዛፍ ቢያንስ አይንቀሳቀስም» እያለ አማረረ። በማግስቱ ለመደው። እንዲያውም አንገቱን ቀና አድርጎ መራመድ ጀመረ፤ ባሕር ላይ ያደረ ወንድ ሆነ ማለት ነው።

ወደ ኢስታንቡል ስንወጣ ኪዮስ ጭራሽ አልታየችም። መርከቡ ከተራራው ጀርባ፣ በሰፊው ባሕር ነው የሄደው። «ዜኖቪያ ተሳስታለች፤ በመንደራችን በኩል አያልፍም፤ ተርፈናል» አልኩት። ኢስታንቡልን አየን፤ ዓሣ በዳቦ በላን፣ ሚኬስ ለምራቱ የራስ ሻሽ ገዛ። ከየት አመጣኸው ስትለው ምን እንደሚል አላወቀም፤ መንገድ ላይ አሰበበት። ከዚያ መርከቡ ወደ ኩሻዳሲ፣ ወደ ታች መውረድ ጀመረ።

ከምሳ በኋላ ነበር። ሚኬስ በረንዳው ላይ ከቤቱ ያመጣውን የዓመቱን የመጀመሪያ መንደሪን ይልጣል፣ እኔ ትንሽ ጋደም ብያለሁ። ጡሩምባ ሲነፋ ሰማሁ፤ ረጅም፣ ሦስት ጊዜ። ኋላ እንደሰማሁት የመርከቡ ካፒቴን የጎረቤት ደሴት ልጅ ነው፤ እናቱን ሰላም ማለቱ ነበር። እኔ ግን ያን ድምፅ ስሰማ እግሬ ሳያማክረኝ ነው የተነሳው። አርባ ዓመት ያነሳኝ ድምፅ ነው። በረንዳው ላይ ወጣሁ፤ ፊት ለፊቴ የቅዱስ ኢሲዶሮስ ደወል ቤት፣ ከስሩ ወደቡ፣ ከወደቡ በላይ የራሴ ቤት፣ ሰማያዊ መዝጊያው፣ ገመዱ ላይ ረስቼው የሄድኩት የወጥ ቤት ፎጣ ሳይቀር። አጠገቡ የአርጊሮ በረንዳ።

ገባሽ አይደል? መርከቡ እየወረደ ነው። ሲወርድ መንደራችን በቀኝ ነው። መርከብ በደጃችን ሲወርድ አይቼ አላውቅም ማለት አይደለም፤ አስቤው አላውቅም። ከሚሸሸጉበት ክፍል ሁሉ መርጬ መርጬ፣ የልጅቷን አፍ አስዘግቼ፣ ፊቱን ወደ መንደሬ ያዞረውን በረንዳ ያዝኩ።

ዘወር ስል ሚኬስ የለም። ወለሉ ላይ በአራት እግሩ ከብረቱ ስር ተሸጉጧል፣ የተላጠ መንደሪን በእጁ እንደያዘ።

«ምን እየሠራህ ነው?»

«እየተደበቅኩልሽ ነው» አለኝ። «አንቺም ቁጭ በይ፣ ብረቱ ይሸፍነናል። ቶሎ ያልፋል።»

እውነቱን ነው። ለዚሁ ነበር ያንን ብረት የመረጥኩት። ቁጭ ብል አንድም ሰው አያየኝም ነበር፤ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ «ዓይንሽ ተሻለሽ?» ይሉኝ ነበር፣ «ተሻለኝ» እል ነበር፣ በዶሮ ቤቱ በኩልም ኑሮ ይቀጥል ነበር። ሚኬስን ወደ ታች አየሁት። ያ ረጅም ሰው፣ ለእኔ ብሎ ሦስት ዓመት ያጎነበሰ ሰው፣ አሁን ደግሞ በጉልበቱ ተንበርክኮልኛል። ንዴት መጣብኝ፣ ካሊሮይ። በሱ አይደለም። በመንደሩም አይደለም። በብረቱ ነው የተናደድኩት፤ በመረጥኩት ብረት።

«ተነስ!» አልኩት።

«ያዩናል እኮ።»

«ይዩን። ተነስ፣ ሚኬስ።»

«ጉልበቴ አልነሳም አለኝ።»

ብብቱን ይዤ ጎተትኩት፤ መንደሪኑ ወደቀ፤ እኔም ልወድቅ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ስቄ አላውቅም፤ ጮክ ብዬ፣ አፌን ከፍቼ። ሲቆም ጊዜ ገባሁና ያንን የተተኮሰ አንሶላ ካልጋው ገፍፌ ወጣሁ። በየበረንዳው ሴቶቹ ወጥተው ነበር፤ ለካፒቴኑ እያወዛወዙ። እኔም አወዛወዝኩ። ሁለት ምት ወደ ታች፣ አንድ ዙር በራሴ ላይ። ሁለት ምት፣ አንድ ዙር።

መጀመሪያ የጎረቤታችን የማሪጎ አንሶላ ቆመ። ከዚያ የዳቦ ጋጋሪዋ። ከዚያ አንድ በአንድ ሁሉም ወደ ታች ወረዱ። አወዛወዜን አውቀውታል፤ መነጽሮቹ እየተነሱ ነው።  ክንዴ ግን አልቆመም፤ ምን እንደማደርግ ስላላወቅኩ ማወዛወዜን ቀጠልኩ። ሚኬስ አጠገቤ ቆሞ፣ ጆሮው ቀልቶ፣ «ማርኬላ፣ በቃ ግቢ» ይለኛል። ስልኬ ጮኸ። አርጊሮ ናት።

«ሃሎ» አልኩ።

«ማርኬላ፣ የዓይን ሐኪሙ ዘንድ ደረስሽ?»

«ደረስኩ።»

«ምን አለሽ?»

«በደንብ ታያለሽ አለኝ።»

«እኔም በደንብ ነው የማየው» አለች። «በወንድሜ መነጽር።»

«አርጊሮ፣ እኔ...»

«ዝም በይና ስሚኝ። ይህን አወዛወዝ ያስተማረችሽ እናቴ ናት። ኢሲዶሮስ ሞተር ክፍል ውስጥ ተቀምጦ፣ ሳያይሽ፣ ስንት ዓመት አወዛወዝሽለት? እኔ አጠገብሽ ቆሜ ስታዘብ አልነበር? ነፍሱን ይማረውና 'በግራው ቆሜ' ሲል አንቺ ዝም ስትይ አልሰማሁም? ዛሬ ሰውየው አጠገብሽ ነው ያለው። ቀና ብሎ ይቁም በይው እንጂ፣ ምን እንደ ሌባ ያጎነብሳል!»

«ጉልበቱን አሞት ነው።»

«ኮፍያም ያድርግ፣ ፀሐይ ነው» አለችና ዘጋችው።

ልጄ፣ እኔም አውቅ ነበር። መርከብ በጠባብ ባሕር ሲያልፍ ዋናው መካኒክ ከሞተሩ አይለይም፤ የማናችንም ቤት ልጅ ይህን ያውቃል። አባትሽ እኔን ደስ ለማሰኘት ነበር የሚዋሸው፣ እኔም እሱን ደስ ለማሰኘት አምን ነበር። ጥሩ ሰው ነበር። አላማውም። ግን አርባ ዓመት ለብረት ነው ያወዛወዝኩት።

ከዚያ የአርጊሮ አንሶላ ተነሳ። ከጎን ወደ ጎን፣ በሰፊው፣ ልክ እንደ ድሮው። ጥቂት ቆይቶ የማሪጎም ተነሳ፣ ከዚያ የዳቦ ጋጋሪዋ፣ ከዚያ የሁሉም ባይሆን የአብዛኛው፤ መንደራችን ከታች እስከ ላይ ነጭ በነጭ ሆነ። ካፒቴኑ ለሱ መስሎት እንደገና ጡሩምባውን ነፋ። እኔ እየሳቅኩ አለቀስኩ። ሚኬስ ኮፍያውን አደረገና መልሶ አወለቀው፤ በኮፍያው ማወዛወዝ ጀመረ። አወዛወዙ መንደሪን ላይ ያረፈ ዝንብ የሚያባርር ሰው ነው የሚመስለው። እኔ ግን የራሱ አወዛወዝ ስለሆነ ወደድኩለት።

ስመለስ አርጊሮ ደጃፌ ላይ ወንበሯን አውጥታ ትጠብቀኝ ነበር። ሚኬስ ሻንጣዬን ተሸክሞ ከልማዱ ወደ ጓሮው ዞረ። «አንተ!» ብላ ጠራችው። «በፊት በር ግባ። ሦስት ዓመት ሙሉ ዶሮዎቼን እያስደነበርክ እንቁላል መጣል ትተዋል።» እንግዲህ ታውቅ ነበር። እንዳትሰማን ብለን የምንሾካሾክላት ሴት ከግድግዳው ማዶ ተቀምጣ «መቼ ይሆን የሚበቃቸው» ስትል ኖራለች። የማያናግሩኝ አሉ፤ የወደቡ ሹም ሚስት እሁድ ፊቷን አዞረችብኝ። ትዙር፤ እሷም ዞሮ ዞሮ መነጽሯን ታነሳለች። ለዜኖቪያ አንድ ሣጥን መንደሪን ወሰድንላት። «ልነግርዎት ነበር እኮ!» ብላ ጮኸች። «እንኳን አልነገርሽኝ» አልኳት።

ጥቁር ልብሴን አጥቤ ሣጥን ውስጥ አስቀምጫለሁ። ላባትሽ መታሰቢያ ቀን እለብሰዋለሁ፤ በቀረው ቀን ሰማያዊ ነው።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። ስደውልልሽ ከኋላሽ የሚያስል አለ። ጠይቄሽ ድመት ናት ብለሽኛል። የኔ ልጅ፣ ድመት እንደዚያ አያስልም፤ ካሳለም በኋላ በእንግሊዝኛ ይቅርታ አይጠይቅም። ስልኩ ሲጮህ ወንበር ቀስ ብሎ ይሳባል፣ ሰው በካልሲ እየረገጠ ከክፍሉ ይወጣል። ያንን አረማመድ አውቀዋለሁ። ሦስት ዓመት በጓሮዬ ሰምቼዋለሁ። ማን እንደሆነ፣ ከየት እንደሆነ፣ ሃይማኖቱ ምን እንደሆነ አልጠይቅሽም። ስታነጋግሪኝ በሹክሹክታ ከሆነ ግን እኔ ነኝ ያስተማርኩሽ፣ ስለዚህ ልማዱን ማስተዉም የኔ ድርሻ ነው።

በነሐሴ እመጣለሁ ብለሻል። መርከቡ ከፒሬዎስ ወደ ኪዮስ ከተማ ሲወጣ በደጃችን ያልፋል። ክፍል ውስጥ አትቀመጡ፤ ሁለታችሁም ውጡና ብረቱን ይዛችሁ ቁሙ። በግራ በኩል ይመስለኛል፤ ግን አንድ መርከበኛ ጠይቂ፣ እናትሽ በግራና ቀኝ አትታመንም። እኔ፣ አርጊሮና ሚኬስ በረንዳ ላይ ነን። አርጊሮ መነጽሩን አጽድታ ትጠብቃለች፤ ስለዚህ ፀጉሩን ያበጥር፣ ኮፍያም ያድርግ። አወዛወዜን ታውቂዋለሽ። ያንቺን ደግሞ እስከዚያ ተለማመጂ፤ አንሶላውም ለሁለት ሰው የሚበቃ ይሁን።

እመቤታችን አንቺንም ያንን ድመትሽንም በሄዳችሁበት ትጠብቅልኝ። ጤናችሁ ይብዛ፣ ደጃችሁ በደስታ ይከፈት።

የምትወድሽ እናትሽ
ማርኬላ